እጅጌ እንዴት ይለካል? ከትከሻ አጥንት እስከ አንጓ

ለእህቴ ሠርግ ሙሉ ሱፍ አሰፍቼ ነበር። ወሩ ጥር ነው። ልኬት የሰጠሁት ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ባለችበት ሰዓት፣ በስስ ሸሚዝ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል። የሠርጉ ቀን በማለዳ ስንነሳ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ከኮቱ ስር ወፍራም ሹራብ ደረብኩ። ክንዴ ኮቱ ውስጥ ተወጠረ። እጅጌው ወደ ላይ ሸሸ፣ አንጓዬ ከነሰዓቱ ውጭ ቀረ። ዛሬም ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ እጅጌ ላይ ነው።

ሰፊው የለካውን ነው የሰፋው። የተበላሸው ልኬቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እጅጌ እንዴት እንደሚለካ በደንብ ተምሬያለሁ፣ ለቤተሰቡም ሁሉ የምለካው እኔ ነኝ። እንደሚከተለው ነው።

ከመለካታችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጠመኔ ወይም እርሳስ፣ ወረቀትና አንድ ሰው ነው። ሰው ያልኩት በምክንያት ነው። የራሳችሁን እጅጌ ራሳችሁ ለመለካት ስትሞክሩ ትከሻችሁ ይነሳል፣ ቁጥሩም ይዛባል። ሜትሩ አሮጌ ከሆነ ከማስመሪያ ጋር አስተያዩት። ብዙ ያገለገለ ሜትር ይለጠጣል፣ እናንተ ሳታውቁት አንድ ሴንቲ ይበላችኋል። ሜትር ከሌለ በሲባጎ ለክታችሁ ሲባጎውን በማስመሪያ ማንበብ ይቻላል፤ ብቻ የማይለጠጥ ይሁን። በክንድና በስንዝር ግን አትለኩ። ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ነው፣ የእኔና የእናንተ ደግሞ አንድ አይሆንም። ለጋቢ ያስኬድ ይሆናል፣ ለእጅጌ አይሆንም።

አሁን ዋናው። ከሚሰፋው ልብስ ስር የምትለብሱትን ለብሳችሁ ተለኩ። ኮት ከሆነ ሸሚዙንና ሹራቡን፣ ሸሚዝ ከሆነ ካናቴራውን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከመንዝና ከአንኮበር ሰው ጋር ብርዱን እንካፈላለን። በጣርማ በር አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ግን፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛላችሁ። እዚያ በእጀ ጉርድ የሚዋልበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ልብሱን የት እንደምትለብሱት ለሰፊው ንገሩት። እሱ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

አንደኛ፦ አጥንቱን ፈልጉ

እጅጌ የሚጀምረው ከትከሻ ነው። መነሻው ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይሳሳታል። ብዙ ሰው በዓይኑ ገምቶ ሜትሩን የሆነ ቦታ ያሳርፋል። እንዲህ አድርጉ፦ ክንዳችሁን ወደ ጎን እስከ ትከሻ ከፍታ አንሱ። ክንድና ትከሻ የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ትንሽ ስርጉድ ያለ ነገር ይታያል። የሚለካችሁ ሰው ጣቱን እዚያ ላይ ያድርግ። ከዚያ ክንዳችሁን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ጣቱ ያረፈበት፣ አጥንቱ የሚያልቅበት ጫፍ መነሻችሁ ነው። በጠመኔ ምልክት ያድርግበት።

ያለባችሁ ሸሚዝ የትከሻ ስፌት ግን አያታላችሁ። ሸሚዙ ሰፊ ከሆነ ስፌቱ ወደ ክንድ ወርዶ ነው የሚገኘው። ከዚያ ከለካችሁ እጅጌው ያጥራል።

ሁለተኛ፦ ክንዳችሁን እጠፉ

እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አሳርፉ። ሜትሩ ከትከሻው ምልክት ይነሳና በክርን ውጭ በኩል አልፎ በትንሿ ጣት በኩል ያለችው ጉብ ያለች የአንጓ አጥንት ላይ ይደርሳል። ቁጥሩን ጻፉ።

ቀጥ ባለ ክንድ መለካት ነው ብዙዎቻችንን የሚጎዳን። የተዘረጋ ክንድና የታጠፈ ክንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ይለያያሉ። ቆማችሁ መስታወት ፊት ልክክ ያለ እጅጌ ቡና ልትጠጡ ሲኒ ስታነሱ ወደ ላይ ይሸሻል። ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጁን ዘርግቶ አይውልም።

ሁለቱንም ክንድ ለኩ። አንዱ ከሌላው ግማሽ ወይም አንድ ሴንቲ ቢበልጥ አይግረማችሁ፣ የብዙ ሰው ገላ እንደዚያ ነው። በተለይ በአንድ ትከሻው ሸክም የለመደ ሰው ትከሻው ዘንበል ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ጽፋችሁ ስጡ።

ሦስተኛ፦ የት ይቁም?

ይሄ እንደ ልብሱ ይለያያል። የሸሚዝ እጅጌ አውራ ጣት ከአንጓ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይቆማል። ኮት ከሸሚዙ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሴንቲ ያጥራል፣ የሸሚዙ ጫፍ ትንሽ እንዲታይ። ካፖርት ደግሞ ሁለቱንም ይሸፍናል። ለብርድ የሚለበስ ሹራብ ሁለት ሴንቲ ቢረዝምላችሁ አትጠሉትም።

አራተኛ፦ ወርዱ

ርዝመቱን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ወርዱን ግን ይረሳል። ጡንቻችሁን ወጠር አድርጋችሁ ወፍራሙን ቦታ ዙሪያውን ለኩ። ለሸሚዝ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ጨምሩ። ከስሩ ሹራብ ለሚደረብበት ኮት አሥር ሴንቲ ገደማ። ሜትሩን ስታጠብቁ ሁለት ጣት ከስሩ ይግባ።

አንጓውንም ዙሪያውን ለኩ። ሰዓት የምታደርጉ ከሆነ ከነሰዓቱ። ቁልፍ የሌለው እጅጌ ከሆነ ግን የአንጓ ልክ ብቻ አይበቃም። አውራ ጣታችሁን ወደ መዳፋችሁ አስገብታችሁ የእጃችሁን ወፍራም ቦታ ለኩ። እጅጌው ከዚያ ከጠበበ እጃችሁ አያልፍም። እጀ ጠባብ የሚያሰፋ ሰው ይህን ቁጥር መርሳት የለበትም። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፤ ክንድ ላይ ተጣብቆ የሚወርድ እጅጌ ነው፣ ግማሽ ሴንቲ እንኳ ያስታውቅበታል። ከላዩ በርኖስ ሲደረብ እጅጌ ስለሌለው አያስጨንቅም፣ ውበቱም ጭንቁም እጀ ጠባቡ ላይ ነው።

አምስተኛ፦ ብብት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሰፊ ጋር የምከራከረው ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «ብብቱን ሰፋ አድርግልኝ፣ እንዲመቸኝ» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የብብት ቅዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እጅጌው ከኮቱ አካል ጋር የሚያያዝበት ቦታ ዝቅ ይላል፣ እጃችሁን ስታነሱ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ሚኒባስ ውስጥ መያዣውን ስትጨብጡ የኮታችሁ ጫፍ ከወገባችሁ በላይ ከወጣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

አንድ ቀን ሰፊያችንን «ጋሼ፣ ብብቱን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» አልኳቸው። ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ዝም ብለው አዩኝ። «ያፍንሃል ልጄ» አሉ። «ግዴለም ይሞክሩልኝ» አልኩ። ለሙከራ ወሰወሱት፣ ለበስኩት፣ እጄን እስከ ጆሮዬ አነሳሁ፤ ኮቱ ንቅንቅ አላለም። ወደ ጎን ዞር አድርገው አዩኝና «እንግዲህ እንዲህ ነው» ብለው መስፋት ጀመሩ።

ለመለካት ሜትሩን በትከሻው ምልክትና በብብት ስር አዙሩት። ሳይቆነጥጥ ገላን የነካ ይሁን። ከዚያ ለሸሚዝ አራት አምስት ሴንቲ፣ ለኮት ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ይጨመራል።

ጨርቁንም አትርሱ

አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይገባል። መቶ ሴንቲው ላይ ሦስት አራት ሴንቲ ሊቀንስ ይችላል። 60 ሴንቲ እጅጌ ላይ ስታሰሉት ወደ ሁለት ሴንቲ ነው፣ ያን ሁሉ የለካችሁት ልፋት በአንድ እጥበት ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊው ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት ነክራችሁ አድርቁት። የእጅ ሥራ ሸማ ላይ በተለይ።

የሐበሻ ቀሚስ የምታሰፋ ደግሞ ይሄን ታስብበት፦ ጥልፉ ወይም ጥለቱ እጅጌው ጫፍ ላይ ከሆነ በኋላ ከታች ማሳጠር አይቻልም። ጥልፉ አብሮ ይቆረጣል። ማሳጠር የሚቻለው ከትከሻ ፈትቶ ነው፣ ያ ደግሞ ብዙ ሥራ ነው። ልኬቱ ከጥልፉ በፊት ይለቅ።

ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ትከሻው ልክ ሆኖ እጅጌው ከረዘመ ግዙት፣ ማሳጠር ይቻላል። ትከሻው ከሰፋ ግን ተዉት፣ ማስተካከያው ከኮቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ካጠረ ደግሞ የእጅጌውን ጫፍ ገልብጣችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ሦስት አራት ሴንቲ የታጠፈ ጨርቅ ካለ ይረዝማል።

ለልጆች የምታሰፉም ያንኑ አድርጉ። ለመስከረም የተሰፋ ዩኒፎርም ለፋሲካ እንዳያጥር አራት ሴንቲ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጥላቸው፤ ሲያድጉ ፈታ፣ ተኮስ፣ መልሶ ቅምቅም ነው።

ከመጨረሻው ስፌት በፊት

ሰፊው እጅጌውን ለጊዜው በስስ ክር ወስውሶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሳይቸኩሉ ልበሱት። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ እንደ ሰላምታ። ከዚያ አጣጥፉ። ከዚያ ወደ ላይ አንሱ። ጀርባው ላይ ከተወጠረ ወይም ትከሻው ጋ ከተጨማደደ ያኔውኑ ተናገሩ፣ ክሩ ገና አልጠበቀም። የሠርግ ከሆነ ደግሞ ሹራቡን ይዛችሁ ሂዱ።