ኮምፒውተሩ አረጀ ወይስ ታመመ? ሌላ ዴስክቶፕ ከመግዛት በፊትና ሲገዛ፦ ችግርና መፍትሄ

የተማሪ ገንዘብ በስንት ወር ተጠራቅሞ አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ዴስክቶፑ ማስቸገር ሲጀምር የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ልግዛ?» ሳይሆን «ይህ ማሽን ምኑን ነው ያመመው?» የሚለው መሆን አለበት። የጓደኞቼንና የታናናሾቼን ኮምፒውተር ስከፍትና ስዘጋ ያየሁት ደጋግሞ አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ዕቃ ለውጥ ገና ብዙ ሊያገለግል የሚችል ማሽን ይጣልና በምትኩ የሌላ ሰው በሽታ ይገዛል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከምልክቱ እንነሣ።

ምልክት፦ ለመነሣት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ሁሉ ነገር ይጎተታል

ከሁሉ የሚበዛው ስሞታ ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያለአግባብ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በሚጎተትበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል)፣ ሜሞሪው (ራም የሚባለው ጊዜያዊ የሥራ ቦታ) እና ዲስኩ (የፋይል ማስቀመጫው) ስንት በመቶ እንደተያዙ ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ሜሞሪው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳና በላዩ የሚመላለስ የማንበቢያ ክንድ አለ። ክንዱ የተፈለገው መረጃ ያለበት ቦታ ለመድረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሲሰሙት ኢምንት ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቅማልና ሚሊ ሰከንዶቹ ተደማምረው ደቂቃ ይሆናሉ። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገጠመው፣ በቺፕ የተሠራው ኤስኤስዲ የሚባል ማስቀመጫ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ያንኑ መረጃ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ያገኘዋል።

መፍትሄው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (ሳታ በሚባለው የተለመደ የዲስክ ማገናኛ የሚሰካ) መግጠም ነው። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለአብዛኛው ተማሪ ይበቃል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ፊልምና ትልልቅ ፋይል ማስቀመጫ ሆኖ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዓይነት በወረቀት ላይ ከሳታ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ነገር ግን በርካታ የቆዩ ማዘርቦርዶች (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ማስገቢያው የላቸውም፣ ካላቸውም መካከል አንዳንዶቹ ዊንዶውስን ከእሱ ማስነሣት አይችሉም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ ሲዘለል የሚሰማው ለውጥ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ሲዘለል ከሚሰማው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በአሮጌ ማሽን ላይ ለዚህ ልዩነት ገንዘብ አታውጡ።

ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ሆኖ ዲስኩም አብሮ የሚንገላታ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ራም ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያሸጋግራል፤ ዲስኩ የሚታመሰው ለዚህ ነው። ዛሬ 8 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 16 ጊጋባይት ያለው ሰው አሳሹ ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ የመመረቂያ ጽሑፉን በሰላም ይጽፋል። ከመግዛታችሁ በፊት የራሙን ዓይነት አረጋግጡ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ከሥራቸው ያለው ቁርጥ የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጉልበት የሞከረ ማስገቢያውን ይሰብራል። ከተቻለ አንድ ትልቅ ራም ሳይሆን ሁለት እኩል የሆኑ ይሁኑ፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያነብባቸዋልና። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ መጀመሪያ እሱን ወደ ባለ 64 ቢት ቀይሩት።

አንድ ገጽ ብቻ ተከፍቶ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ የሚሆነውስ? መጀመሪያ ቫይረስ ፈትሹ። ከቫይረስ ንጹሕ ሆኖም እንደዚያው ከቀጠለ ፕሮሰሰሩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ መግዛትን ማሰብ ይቻላል።

ምልክት፦ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው

«ማዘርቦርዱ ሞቷል» የሚል ፍርድ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምልክት ነው፤ ፍርዱም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ማሽኑን ለመለዋወጫ ሊሸጠው ከገዢ ጋር ተስማምቶ ነበር። ከማስረከቡ በፊት በነበረው ምሽት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን ከፈትነው። ገመዱን ከሶኬት ነቀልን፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነን ያዝን፤ እጃችንን የሣጥኑ ብረት ላይ አሳረፍን። ከዚያ የራሙን መቆለፊያዎች ወደ ጎን ገፍተን አወጣነው። ወርቃማ ጥርሶቹ ደብዝዘው ነበር። በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠረግናቸው፣ ብናኙን አራገፍን፣ መልሰን መቆለፊያዎቹ ሁለቱም ቀጭ እስኪሉ ድረስ ገፋነው። ሞኒተሩ በራ። በዚያ ማሽን እስከ ምረቃው ድረስ ተማረበት።

ሁለት ራም ካለ በየተራ አንዳቸውን ብቻ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ አንዱ ሞቶ ሌላውን ሊያሰናክለው ይችላል። ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ሞኒተሩ የሚልክ ተጨማሪ ካርድ) ላለው ማሽን የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ካርዱ ላይ መሆኑን እዩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ብዙ ጊዜ ምስል አይመጣም። በተነሣ ቁጥር ሰዓትና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበት ማሽን ደግሞ የጨረሰው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ ናት። ባለ 3 ቮልት ናት፤ በአንድ ደቂቃ ትቀየራለች።

ምልክት፦ በሥራ መካከል ድንገት ይጠፋል

መቼ እንደሚጠፋ መዝግቡ። ከሩብ ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ሣጥኑ ሲግልና ማራገቢያው ሲጮኽ ከሆነ ሙቀት ነው፤ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን እያጠፋ ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት ከደረቀ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ወጪው ትንሽ ነው።

ሙቀት ሳይኖር፣ ገና ሲበራ ወይም ከባድ ፕሮግራም ሲነሣ ክው ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሣጥን) ጠርጥሩ። ይህን ዕቃ ፈትታችሁ ለመጠገን በፍጹም አትሞክሩ፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የሚደረገው በሙሉ መቀየር ነው። ይህን ስታደርጉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ የራሳቸው ልዩ ማገናኛ ስላላቸው ተራው ባለ 24 ፒን ፓወር ሰፕላይ እንደማይገጥም ዕወቁ፤ የአሮጌውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ፈልጉ።

ማዘርቦርዱ ላይ ቆመው የሚታዩት ትንንሽ ሲሊንደሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ አንጠባጥበው ከደረቁ ግን ለዚያ ማሽን ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

ምልክት፦ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል

እዚህ ላይ ማመንታት የለም። ሥራችሁን አቁሙና ፋይላችሁን አሁኑኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፉን። ድምፁ የማንበቢያ ክንዱ መንገዱ እንደጠፋው ይናገራል፤ ስንት ሰዓት እንደሚቀረው ማንም አያውቅም።

ጥገና የማያዋጣው መቼ ነው?

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የጥገናው ወጪ ጤነኛ የሆነ ያገለገለ ማሽን ከሚያወጣው ዋጋ ግማሹን ካለፈ ይቅር። ሌላው መለኪያ የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና ከሞላ ጎደል ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ወይም ከኤኤምዲ ራይዘን 2000 ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከዚያ በታች ያለ ማሽን ወዲያው ይጣል ማለት አይደለም። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ኢንተርኔት ለሚጠቀምና ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊነክስ ሚንት በነጻ ይገኛል፤ በአሮጌ ማሽን ላይም በደንብ ይሠራል። ትምህርታችሁ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚፈልግ ከሆነ ግን መቀየሩ ግድ ነው።

ምልክት፦ «ኮር አይ7 ነው» ተብሎ ተገዛ፣ ግን ይጎተታል

ይህ በራሴ ደርሷል። የመጀመሪያ ማሽኔን የገዛሁት ሣጥኑ ላይ የተለጠፈችውን ምልክት አይቼ ነው። ቤት ገብቼ ስከፍተው ፕሮሰሰሩን አይ7-2600 ሆኖ አገኘሁት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ያውም ከሃርድ ዲስክ ጋር። የከፈልኩት ግን የስሙን ዋጋ ነበር።

መንስኤው ቁጥሩን አለማንበብ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ጀነሬሽኑን ይናገራል፦ 2600 ሁለተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ3-8100 እንኳ እንደዚያ አይ7 አራት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰር ክፍሎች) አለው፣ ዲዲአር4 ይጠቀማል፣ ዊንዶውስ 11ንም ይቀበላል። ስለዚህ ሻጩ «አይ ስንት» እንደሆነ ሲነግራችሁ ሙሉ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ካለበት ፕሮሰሰሩ በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ያለ ግራፊክስ ካርድ ሞኒተሩ አይበራም። በቆዩት የራይዘን ዴስክቶፖችም ጂ የሚል ፊደል የሌለባቸው እንዲሁ ናቸው።

ጠባብ በጀት ያለው ሰው ምን ልግዛ ቢለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር፣ ከአይ5-8500 ጋር። ስድስት ኮር አለው፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ሲከፈትም ለጥገና ተብሎ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ራሙ 8 ብቻ ከሆነ አትሽሹ፤ በኋላ ይጨመራል። ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን ግን በኋላ መቀየር በተማሪ አቅም አይሞከርም። የመጀመሪያው ገንዘብ እዚያ ላይ ይዋል።

ምልክት፦ የተገዛው ማሽን ግራፊክስ ካርድ አላስገባ አለ

መንስኤው የሣጥኑ መጠን ነው። ትልቁ፣ ታወር የሚባለው፣ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ይቀበላል። መካከለኛው ቀጭን ሣጥን አጭር ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ይፈልጋል። የመጽሐፍ ያህል የሆነው ትንሹ በአብዛኛው ካርድ የሚባል አያስገባም፤ ራሙም የላፕቶፕ ነው። አርክቴክቸር ወይም የሦስት አቅጣጫ ሥዕል የሚማር ሰው ታወሩን ይውሰድ፤ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልጉ፣ ከማስገቢያው በሚያገኙት እስከ 75 ዋት የሚሠሩ ካርዶች ይበቁታል። ቦታ ለጠበበውና ጽሑፍ ብቻ ለሚሠራ ትንሹ ምርጥ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ የሚያስደነግጡ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። የቢሮ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ የለውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ ይፈታዋል። ሞኒተሩ ቪጂኤ ብቻ፣ ማሽኑ ደግሞ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መቀየሪያ ያስፈልጋል። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለ፤ በ230 ቮልት አገር 115 ላይ ቆሞ የተሰካ ማሽን በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ሳትሰኩ በፊት እዩት።

ከመክፈል በፊት

ሊነክስ ሚንት የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ባዮስ (ማሽኑ ገና ሲበራ የሚከፈት የቅንብር ገጽ) ውስጥ ግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ማሽኑን ተዉት፤ በእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ላይ ማስከፈቱ ቀላል አይደለም። ከዚያ በፍላሹ አስነሡትና ለግማሽ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያጫወተ ይቆይ። በዚያው መካከል የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ፣ የድምፅ መውጫውን፣ የኔትወርክ መሰኪያውን ሞክሩ። ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ የዲስኩን የጤና መረጃ እዩ፤ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት የተበላሸ ቦታ እንደተተካ ይናገራል። የተተካው ወይም መተካት የሚጠብቀው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ የዲስኩን ዋጋ ከሒሳቡ አስቀንሱ። የሚቸኩላችሁ ሻጭ ቢኖር እናንተ አትቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አዲሱ ከገባ በኋላ አሮጌውን ወዲያው አትስጡ። በአሮጌው ላይ የገጠማችሁት ኤስኤስዲ ነቅሎ ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ ራሙም ዓይነቱ ከገጠመ እንዲሁ። ፋይሎቻችሁ ሁሉ መዛወራቸውን አንድ ሳምንት ሠርታችሁበት አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ዝርዝር እንጂ ፋይሎቹን ራሳቸውን አያጠፋም፤ ዊንዶውስ ላይ «ኩዊክ ፎርማት» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡና ሙሉውን አስጀምሩት። ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ።