በዓሣ ገንዳ መስታወት ላይ የተጋገረ ነጭ ጭጋግን እንዴት ማስለቀቅ ይቻላል

ድሬዳዋ ውስጥ ለሻይ ውሃ የሚያፈላ ሰው ሁሉ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የከተማዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍም ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚሸከም በመሆኑ፣ በሚተንበት ጊዜ ማዕድኑን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። በዓሣ ገንዳ መስታወት ላይ፣ በተለይም ከውሃው ገጽ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ቀበቶ የሚዞረው ጭጋግ ከዚህ ቅርፊት የተለየ ነገር አይደለም። ሙቀቱ በየቀኑ ውሃውን ያጎድላል፤ እኛም በጎደለ ቁጥር የቧንቧ ውሃ እንጨምራለን፤ ማዕድኑም በላይ በላዩ ይደራረባል። ጉፒ የሚባሉት ትንንሽ የገንዳ ዓሣዎች እንዲህ ያለውን ውሃ ስለሚወዱት ጭጋጉ የሚያስቸግረው ዓሣዎቹን ሳይሆን ተመልካቹን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጭጋጉ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አዲስ በተቋቋመ ገንዳ ውስጥ ውሃው ራሱ በባክቴሪያ ብዛት ወተት መስሎ ሊደፈርስ ይችላል፤ ከላይ ወደ ታች ሲያዩትም የደፈረሰ ከሆነ መስታወቱን መፈተግ ትርፉ ድካም ነው። በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ በስፖንጅ ይነሳል። ደርቆ በጥፍር ሲዳሰስ የሚሻክር፣ አንድ ጠብታ አቼቶ ሲያርፍበትም ጥቃቅን አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ግን ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እሱን ነው። ሲረጥብ መጥፋቱን እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት፤ የተጫረ መስታወትም ሲረጥብ ጥርት ብሎ ይታያል።

ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያ ገንዳዬን በገዛ እጄ ካበላሸሁ በኋላ ነው። 60 ሊትር የሚይዘውን ያንን ገንዳ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈተግሁት። እርጥብ እያለ እንደ አዲስ አበራ፤ ሲደርቅ ግን የጭጋጉ እኩሌታ እንዳለ ሆኖ፣ በላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ጭረቶች ብቅ አሉ። ጭጋጉ በኋላ ለቀቀ፤ ጭረቶቹ ግን ዛሬም አሉ፣ አረንጓዴው አልጌ ከሌላው ቦታ ቀድሞ የሚይዘውም እነሱን ነው። የሽቦ መፈተጊያም ሆነ አሸዋነት ያለው የዕቃ ማጠቢያ ዱቄት ከመስታወቱ አጠገብ መድረስ የለበትም።

ማሞቂያ ካለ ውሃው ከመጉደሉ በፊት ከሶኬት ይንቀሉት። ዓሣዎቹን ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ባልዲ፣ ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ያቆዩአቸው። የማጣሪያው ስፖንጅም በዚያው ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ የዓሣውን አሞኒያ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። ዓሣዎቹን ሳያወጡ ውሃውን ብቻ ዝቅ አድርገው የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ወደ ውሃው የሚንጠባጠበው አቼቶ አሲድነቱን ከመጨመሩም በላይ ባክቴሪያ ስለሚያራባ ኦክሲጅን ያሳጣል። ከነውሃው ገንዳውን ማንሳት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም፤ 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ ይመዝናል።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። አቼቶ ኖራውን የሚያሟሟው በጊዜ እንጂ በጉልበት አይደለም፤ ችግሩ መስታወቱ ቆሞ የሚውል በመሆኑ የተቀባው አቼቶ ሥራውን ሳይጀምር ወደ ታች መውረዱ ነው። በዚህ ምክንያት ለዚሁ ብዬ የገዛሁት መርጫ ጠርሙስ ምንም አልረባኝም። ገንዳው ትንሽና ጨርሶ ባዶ ከሆነ በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ በጎኑ አጋድመው አቼቶውን በተኛው መስታወት ላይ ማፍሰስ ይችላሉ። ትልቅ ከሆነ ግን ያረጀ የጥጥ ካናቴራ አራት ጣት በሚያህል ስፋት ይቅደዱና በነጭ አቼቶ፣ ውሃ ሳይጨምሩበት፣ ይንከሩት። መንጠባጠቡን እስኪያቆም በቀስታ ጨምቀው በጭጋጉ ላይ ይለጥፉት፤ ከሥሩ የቀረውን አየር ከመሃል ወደ ዳር በጣት እየገፉ ያስወጡት። አየር የቀረበት ቦታ ሁሉ በኋላ ነጭ ነቁጥ ሆኖ ይገኛል፤ እኔ እነዚህን ነቁጦች ለማስለቀቅ ሥራውን እንደገና ጀምሬያለሁ። በመጨረሻ ጨርቁ እንዳይደርቅ የተቀደደ ፌስታል ይሸፍኑበት። ሶፍትም ይሠራል፤ ነገር ግን ሲነሳ እየተበጣጠሰ ሌላ የጽዳት ሥራ ይወልዳል። ለስሱ ጭጋግ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ለዓመታት ለተጋገረው ሦስትና አራት ሰዓት፣ በመካከሉም ጨርቁን እንደገና መንከር ይጠይቃል። የመስታወቱን መገጣጠሚያ የያዘው ሲሊኮን በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም የተለመደው ሲሊኮን ገና ሲደርቅ የሚሸተው ሽታ የዚሁ የአቼቶ አሲድ ሽታ ነው።

በረኪና ግን ከአቼቶ ጋር እንዳይገናኝ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጨርቁ ሲነሳ ቅርፊቱ ለስልሶ ይገኛል። ለመፋቅ ከሁሉ የምመርጠው ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ነው። እሱ ያልቻለውን አዲስ ምላጭ ያነሳዋል፤ መስታወቱ እርጥብ ይሁን፣ ምላጩ ተኝቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ፣ ከሲሊኮኑም ይራቅ። ገንዳው መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ከሆነ ምላጭ አያስነኩት። ከውስጥና ከውጭ በማግኔት ተሳስቦ መስታወቱን የሚፈትገውን የማግኔት መፋቂያ በተመለከተ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባችበት ከሽቦው ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል። ሦስት ጊዜ ተነክሮም ያልለቀቀ ጭጋግ መስታወቱ ራሱ መጎዳቱን ያመለክታል፤ ከውሃው በታች ያለው ሲሞላ ከዓይን ይሰወራልና ይተዉት።

የአቼቶው ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ ደጋግመው ያለቅልቁ፤ ሳሙና አያስፈልግም። የጎደለውን የሚሞላው የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት በማስወገጃ ፈሳሽ መታከም አለበት፤ ሙቀቱም ከባልዲው ውሃ ጋር ይመጣጠን።

ጭጋጉ እንዳይመለስ ገንዳውን ይክደኑት፤ የጎደለውን ብቻ ከመሙላትም በየሳምንቱ አንድ አራተኛውን ውሃ ይቀይሩ። እኔ ከካናቴራው የተረፈውን ቁራጭ ከገንዳው አጠገብ ሰቅየዋለሁ፤ በየሁለት ቀኑ ከውሃው ገጽ በላይ ያለውን መስታወት ሳይደርቅ እጠርግበታለሁ።