የተማሪ አጭር ፊልም በስምንት ሳምንት፦ ግብ ማውጣትና ጊዜን መያዝ

ለኮርስ ወይም ለመመረቂያ አጭር ፊልም ሥሩ ሲባል ብዙ ቡድን የሚቸገረው በሐሳብ አይደለም። ሐሳብ ሞልቷል። የሚያልቀው ቀኑ ነው። እሱም ቢሆን በአብዛኛው የራሳችሁ ቀን አይደለም፤ የተዋናዩ ትርፍ ሰዓት፣ ግቢዋን የምታውሳችሁ አክስት ፈቃድ፣ የጓደኛችሁ ካሜራ ሥራ የማይኖርበት ቅዳሜ፣ እንዲሁም ፀሐይ። ስለዚህ እዚህ ጋ "ቶሎ ተነሱ፣ ስልክ ዝጉ" የሚል ምክር አልደግምም። የፊልም ሰዓት የሚጠፋው ሌሎች ሰዎችን በመጠበቅ ነው፣ ዕቅዱም ከዚያ ይጀምራል።

ምሳሌ እንያዝ። አራት አምስት ተማሪዎች ናችሁ፣ አዲስ አበባ ነው የምትሠሩት፣ በስልክ ወይም በተውሶ ካሜራ፣ ትምህርቱም እንደቀጠለ ነው። ማስረከቢያው ግንቦት 30 ነው። ዛሬ ሚያዝያ 4 ነው። ስምንት ሳምንት አላችሁ።

1. ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

"አሪፍ ፊልም እንሠራለን" ምኞት ነው። ግብ ግን ማንም ሰው አንብቦ ደረሳችሁ ወይስ አልደረሳችሁም ብሎ ሊፈርድበት የሚችል ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት፦ "ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ሁለት ተዋናይ ያለው፣ በአንድ ግቢና በአንድ መንገድ የሚያልቅ፣ ንግግሩ ጥርት ብሎ የሚሰማ ፊልም ግንቦት 25 ፍላሽ ላይ ተቀድቶ እጃችን ይገባል።" ደቂቃው፣ ሰው፣ ቦታ፣ ቀን፤ ሁሉም አለ።

"ጥርት ብሎ የሚሰማ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የጥራት ግብ አንድ ብቻ ምረጡ። ትወናውም ብርሃኑም ሙዚቃውም ድምፁም አንደኛ ይሁን ካላችሁ ጊዜ ሲያጥር የቱን እንደምትለቁ ስለማታውቁ ሁሉም እኩል ይበላሻል። እኔን ብትጠይቁኝ ድምፅን ምረጡ። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን ወዲያው ስልኩን ያስወጣዋል።

መምህሩ ማርክ የሚሰጥበትን መስፈርትም ጠይቁና ከግቡ ሥር ጻፉት። ለስክሪፕት 30 ከመቶ ካለው፣ ሌሊቱን ሙሉ በቀለም ማስተካከል ማሳለፍ ምን ይሠራላችኋል?

2. ታሪኩን ከቀኑ ልክ አድርጉት

በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይወጣዋል። አምስት ደቂቃ ማለት አምስት ገጽ ነው። ሰባት ገጽ ከሆነ ሁለቱ አሁኑኑ ይውጡ። "ኤዲት ላይ እናሳጥረዋለን" አትበሉ፤ ያ ሁለት ገጽ ልምምድ ተደርጎበት፣ ተቀርጾ፣ ምሳ ተበልቶበት ነው ኋላ የሚጣለው።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንሡና ቀን የሚበሉትን ነገሮች ክበቡ። ብዙ ሰው፣ መኪና፣ ሌሊት፣ ዝናብ፣ ሕፃን፣ እንስሳ። ከአንድ በላይ ከተከበበ ታሪኩ መለወጥ አለበት።

ታሪካችሁ ታናሿ ቀድማት ስለተዳረች ታላቅ እህት ነው እንበል። የመጀመሪያው ስክሪፕት የሠርጉን ቀን ያሳያል፤ ድንኳን፣ ሚዜዎች፣ ሰማንያ እንግዳ፣ የተሸለመ መኪና። ይሄ በእናንተ በጀት አይሆንም። የማግስቱ ጠዋትስ? ድንኳኑ እየተነቀለ ነው፣ የኪራይ ወንበር እየተቆጠረ ነው፣ ታላቂቱ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ቁጭ ብላ ትልልቅ ድስቶች ታጥባለች። ሁለት ሰው፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ጠዋት። ድንኳኑን እንኳ ማሳየት የለባችሁም፣ የብረት ቱቦ ሲንኳኳ ከአጥር ወዲያ ከተሰማ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ታሪኩም ተሻለ፤ በሠርጉ ቀን ያልተነገረው ነገር ሁሉ የሚወጣው በማግስቱ ድስት ሲታጠብ ነው። የጊዜ ገደብ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም።

3. ከማስረከቢያው ወደ ዛሬ ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው ከዛሬ ወደፊት ያቅዳል። ሐሳብ፣ ስክሪፕት፣ ልምምድ፣ ቀረጻ እያለ ሲመጣ ለኤዲት የሚተርፈው ሦስት ቀን ይሆናል። ተቃራኒውን አድርጉ፣ ከመጨረሻው ጀምሩ።

ግንቦት 30 ማስረከቢያ ነው። ከግንቦት 26 ጀምሮ ያሉትን ቀናት ባዶ ተዉአቸው፣ ምንም አትጻፉባቸው፤ መብራት የሚጠፋው፣ ላፕቶፕ የሚበላሸው፣ ኢንተርኔት የሚቆራረጠው ያኔ ነው። የእናንተ የራሳችሁ ማስረከቢያ ግንቦት 25 ነው። ከግንቦት 20 እስከ 24 የድምፅ፣ የቀለምና የጽሑፍ ማስተካከያ። ከግንቦት 5 እስከ 19 ኤዲት። ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 4 ቀረጻ፤ በእነዚህ አሥራ አምስት ቀናት ውስጥ በየትኛውም ዓመት ሁለት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ይገኛል። ከሚያዝያ 12 እስከ 19 ልምምድ፣ ቦታ መረጣና ፈቃድ። ለስክሪፕቱ የቀረው ከዛሬ እስከ ሚያዝያ 11 ነው። አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ! ከዛሬ ወደፊት ብታቅዱ ኖሮ ስክሪፕቱ ራሱ አንድ ወር ይፈጅባችሁ ነበር።

አሁን በዓላቱን አስገቡ። ፋሲካ እንደ ዓመቱ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ይውላል። ቀረጻችሁ ላይ ካረፈ ያንን ቅዳሜና እሁድ እርሱት፣ ማንም አይመጣም፣ የሚመጣም ካለ ጠግቦ ነው የሚመጣው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች ድል። እነዚህ ሁለቱ ለቀረጻ ምቹ ናቸው፣ ክፍል የለም፣ ብዙ መሥሪያ ቤትም ዝግ ነው። ሙስሊም አባል ካላችሁ ረመዳንና ኢድ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድመው ስለሚመጡ የዘንድሮውን አስቀድማችሁ እዩ። የሌላ ኮርስ ፈተናም በቀይ ይግባ።

4. የሰዓት ሒሳብ ሥሩ፣ ከዚያም አትመኑት

ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ ሲገምት አሳንሶ ይገምታል። በ1994 እ.ኤ.አ. ቡህለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቁ። አማካይ ግምቱ 34 ቀን ገደማ ነበር። የወሰደባቸው ወደ 56 ቀን ነው። ይባስ ብሎ "ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?" ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ገደማ ነበር። መጥፎውን አስበውም አልደረሱበትም።

ስለዚህ የራሳችሁን ግምት በ1.6 አባዙት። ኤዲተራችሁ "ኤዲቱም ድምፁም አሥራ አምስት ሰዓት ይበቃኛል" ካለ ሃያ አራት ብላችሁ ያዙ። አሁን የሳምንቱን ሰዓት ክፈቱ። ክፍል፣ ሥራ፣ ቤት ውስጥ የሚጠበቅበት ነገር፣ ታክሲ ሰልፍ ሁሉ ሲቀነስ ንጹሕ ስምንት ሰዓት በሳምንት ካገኘ ዕድለኛ ነው። ሃያ አራት ለስምንት ሲካፈል ሦስት ሳምንት። ከግንቦት 5 እስከ 24 ያለው ሃያ ቀን ነው። ከሦስት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚያንስ በጭንቅ ይገባል። ታሪኩ ሰባት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር።

ስምንቱን ሰዓት ደግሞ በቀንና በሰዓት ለዩት። "በሳምንቱ ውስጥ ሲመቸኝ" የሚባል ሰዓት የለም። "ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ እሁድ ከ8 እስከ 12" ብላችሁ ስልክ ላይ አላርም ሙሉበት። 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለው ዘዴ ለስክሪፕት ጽሕፈት ደህና ነው። ለኤዲት ግን አይመቸኝም፤ የተቀረጸውን አይቶ ወደ ሥራው ስሜት ለመግባት ብቻ ሃያ ደቂቃ ያልቃል።

5. የሰውን ቀን አስቀድማችሁ ያዙ

አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ነው። የሐበሻ ቀጠሮን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አናስመስል። ተዋናዮቻችሁ በነጻ ነው የሚሠሩላችሁ፣ ስለዚህ ልትቆጧቸው አትችሉም። ማድረግ የሚቻለው ግን አለ።

የቀረጻውን ቀን ከመወሰናችሁ በፊት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው "የማትችልበትን ቀን ንገረኝ" በሉት። "ትችላለህ?" ከተባለ ሁሉም እችላለሁ ይላል፣ ይሉኝታ አለ። ቀኑ ሲቆረጥ በቴሌግራም ግሩፕ መጻፍ ብቻ በቂ አይደለም፣ ዋዜማው ማታ ደውሉ። ሰዓቱንም አብራሩ፤ ካሜራ የሚነሣው 2 ሰዓት ከሆነ ተዋናይ የሚደርሰው 1 ሰዓት ነው፣ እናንተ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል። ዋናዋ ተዋናይት ባትመጣ የምትቀርጹትን ነገር ያዙ፣ ለምሳሌ የድስቱን፣ የእጅን፣ የግቢውን ሾቶች። ሰው ሲዘገይ ቁጭ ብሎ መበሳጨት የቀረጻ ቀንን ግማሽ ይበላል።

ምሳ ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም። የራበው ቡድን ከ7 ሰዓት በኋላ ምንም አይሠራም። በያይነት እዘዙ፤ ጾመኛም ሙስሊምም ሁሉም ይበላዋል፣ ማን ምን አይበላም እያሉ መጨቃጨቅ ይቀራል።

ፈቃድ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። መንገድ ላይ የምትቀርጹ ከሆነ ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ አጽፉና ወረዳውንም ፖሊስ ጣቢያውንም አሳውቁ። ደብዳቤው ራሱ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ ፈራሚው ግን "ስብሰባ ላይ ናቸው"። ሚያዝያ 12ን አትጠብቁ፣ ስክሪፕቱ ባያልቅም በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

6. ፀሐይንና ሰፈሩን ተጠንቀቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ማቀድ ቀላል ነው። ችግሩ ቀትር ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ እስከ ግንቦት መጀመሪያም ከዚያ ብዙ አትርቅም። የሰው ዓይን በጥላ ይጠቁራል፣ ፊቱ ክፉ ይመስላል። ውጭ የሚቀረጸውን ከ1 እስከ 4 ሰዓትና ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ አድርጉት፣ ቀትሩን ለቤት ውስጥ ሾትና ለምሳ ተዉት። የበልግ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል አስፈላጊው ትዕይንት ጠዋት ይሁን።

ቦታውን ስትመርጡም በምትቀርጹበት ቀንና ሰዓት ሂዱ። አሥር ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። ወፍጮ ቤት አለ? ብረት የሚቆርጥ ጋራዥስ? ቆራሌው ስንት ጊዜ ያልፋል? እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለ ግቢ፣ ውብ ቢሆንም፣ ለንግግር አይሆንም። ጀማሪ ቡድን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ከቀረጸ ጎበዝ ነው፣ አምስቱ ገጽ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ሁለተኛው ለጎደለውና ለተበላሸው ነው። "ነጻ ነው" ብላችሁ አዲስ ትዕይንት አትጨምሩበት።

7. ኤዲትና የመጨረሻው ሳምንት

ቀረጻው ባለቀ ማታ፣ ማንም ሳይተኛ፣ ፋይሉ ሁለት ቦታ ይቀዳ። ሁለቱ ኮፒዎች በአንድ ቦርሳ አይሁኑ፤ አንዱ ኤዲተሩ ጋ፣ ሌላው ሌላ አባል ቤት። ሚሞሪውን ሁለቱም ኮፒ ተከፍተው ሳይታዩ አታጥፉ።

ግንቦት 12 ላይ ሻካራውን ኤዲት፣ ሙዚቃም ቀለምም የሌለውን፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። አስተያየት አትጠይቁት፣ "ምን ሆነ?" ብላችሁ ታሪኩን እንዲነግራችሁ አድርጉ። ያልገባውን ቦታ ለማስተካከል ገና አንድ ሳምንት አላችሁ። ፍጹም እስኪሆን የደበቃችሁት ፊልም ስህተቱ የሚታየው መምህሩ ፊት ነው።

ወደ ኋላ ከቀራችሁስ? ትቀራላችሁ። ቀድማችሁ የሚጣሉ ነገሮች ዝርዝር ጻፉ፣ በቅደም ተከተል። መጀመሪያ የመክፈቻው ጌጠኛ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የቀለም ማስተካከያ፣ ቀጥሎ የመንገዱ ትዕይንት ሙሉ በሙሉ። ድምፁ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱ ግባችሁ ነውና አይነካም። ዝርዝሩ በሚያዝያ ከተጻፈ በግንቦት ማንም አይጣላም፤ በግንቦት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሚወሰን ከሆነ ግን ጓደኝነትም አብሮ ይቆረጣል።

ኤክስፖርት ማድረግን፣ ማለትም ኤዲቱን አንድ የቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣትን፣ በመጀመሪያው የኤዲት ቀን፣ በሠላሳ ሰከንድ ቁራጭ ሞክሩት። ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ የአማርኛው ፊደል በትክክል ይወጣ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ግንቦት 25 ደግሞ ያለቀውን ፋይል በሁለት ፍላሽ ይዛችሁ ወደሚታይበት ክፍል ሂዱ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ በእዚያው ስፒከር አጫውቱትና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስሙት። ካልተሰማ ለማስተካከል አምስት ቀን አላችሁ።