ሞተር ለአጭር ነጂ ዝቅ ማድረግ፦ ከወንበሩ እስከ ማቆሚያው

ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ለጥ ያለ አስፋልት ላይ የእግር ጣት ጫፍ መሬት ከነካ ይበቃል። ጀጎል ውስጥ በድንጋይ ንጣፍ ቁልቁለት ላይ ለእግረኛ ቆሞ ማሳለፍ ሲመጣ፣ ወይም የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የፊት ጎማውን ሲይዘው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር አንዴ ካዘነበለ በጣት ጫፍ ተገፍቶ አይመለስም፤ ነጂውን ይዞት ይወድቃል። ስለዚህ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ሞተሩን ለራሱ ማስተካከሉ ተገቢ ነው። ጉዳት የሚመጣው ሥራው ሲቸኮል ነው፦ የኋላውን ሞላ መቁረጥ፣ የፊቱን ሳይነኩ ኋላውን ብቻ ማውረድ፣ የጎን ማቆሚያውን መርሳት።

መጀመሪያ ለኩ። ጫማ አውልቃችሁ፣ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁሙ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በሁለቱ እግሮች መሃል እስከ ላይ ስቡና ከመጽሐፉ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን በሜትር ለኩ። የሞተሩን ወንበር ደግሞ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከዝቅተኛው የመቀመጫ ቦታ እስከ መሬት ለኩ። ያማሃ ኤክስቲዜድ 125ን እንውሰድ፤ ወንበሩ 84 ሴንቲ ሜትር ነው። የእግር ርዝመታችሁ 72 ከሆነ ልዩነቱ 12 ይሆናል። ይህ ቁጥር አያስደንግጣችሁ። የጫማ ሶል 3 ያህሉን ይሸፍናል። ቀለል ያለ ሰው ሲቀመጥበት ሞተሩ ራሱ 4 ገደማ ይወርዳል። ተረከዝ ትንሽ ከፍ ብሎ የእግር መዳፍ መሬት ከያዘ ሌላ 4 ተገኘ። ቀረ 1። ወንበሩ ሰፊ ስለሆነ ጭኑን ከፍቶ ከ2 እስከ 3 ይወስድባችኋል። ስለዚህ በእውነት የሚጎድለው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም ብረት ሳይቆረጥ ማግኘት ይቻላል። ሁለቱም ተረከዞች መሬት እንዲተኙ አትፈልጉ። የሁለቱም እግር መዳፍ፣ ወይም የአንዱ ሙሉ እግር መሬት መያዙ በቂ ነው።

ከዚያ የሞላውን ሁኔታ እዩ። የኋላ አሞርዛተር (ሞላውን የያዘው ንዝረት መቀነሻ) ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቀለበት አለ፤ በመንጠቆ ቁልፍ ሲዞር ሞላውን ያጠብቃል ወይም ያላላል። ብዙ ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ለጭነት ብሎ ጥብቅ ላይ ትቶት ይገኛል። ወደ ላላው ብትመልሱት ያለ አንድ ብር ወጪ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ልታገኙ ትችላላችሁ። ልኩን ለማወቅ፣ ኋላው ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጎማው አክስል እስከ ቋሚ ምልክት ለኩ፤ ነጂው ተቀምጦበት ደግሞ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚጓዘው ጠቅላላ ርቀት ሲሶ አካባቢ ይሁን። 18 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ 5 ወይም 6 ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ሞላው ለእናንተ ክብደት ደክሟል፤ ሰው አፈናጥጣችሁ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ በየጉብታው ከታች ይመታል።

ወንበሩ ላይ ጊዜ ስጡ

ከሁሉም የማስቀድመው ወንበሩን ነው፤ የሞተሩን አረማመድ አይነካም፤ ካልተስማማችሁም ፎሙ ይመለሳል። ወንበሩን ፍቱ፤ በብዙ ሞተሮች 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃዋል። ገልብጣችሁ ሽፋኑን የያዙትን ስፒሎች በቀጭን ካቻቢቴ አንድ በአንድ አንሱ፤ ሽፋኑ ተመልሶ ስለሚገባ አትቅደዱት። ፎሙ ላይ መሃሉን በእስክሪብቶ አስምሩና ዝቅ የሚለውን ቦታ በሁለቱም በኩል እኩል ምልክት አድርጉ።

ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ነው። ሰው መሃሉን ብቻ ጎድጉዶ ያወጣል፤ ወንበሩ ጀልባ ይመስላል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ነጂው ወደ ነዳጅ ታንኩ ይንሸራተታል። በመሃል ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አውጡ፤ ከዚያ ይልቅ ከፊት በኩል የጭን ማረፊያ የሆኑትን ሁለቱን ጠርዞች በደንብ አጥቡ። እግር ወደ መሬት የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው። ጠርዙን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ መሃሉን 2 ሴንቲ ሜትር ከማውረድ የበለጠ የሚጠቅምባቸው ወንበሮች አሉ። ረጅምና ስስ ቢላ ውሰዱ፤ በአንዴ ብዙ አትቁረጡ፤ ማለስለሻው በፍሌክስ (በእጅ የሚያዝ መፍጫ) ላይ የታሰረ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሳይጫኑ ማስነካት ብቻ። ከፕላስቲኩ በላይ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ፎም ይቅር። ከዚያ ካነሰ ሐረር ሳይደረስ አጥንት ይጀምራል። ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠንከር ያለ ፎም በማስቲሽ ለጥፉ፤ ይህ ለስላሳውን ከመደፍጠጥ ያድነዋል፤ ስትለኩም ይህችን 1 ሴንቲ ሜትር አስቡ።

ከመሸፈኑ በፊት ፎሙን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሉ፤ ዝናብና አቧራ አይገባም። ሽፋኑን ድሬዳዋ ላይ ለግማሽ ሰዓት የቀትር ፀሐይ ላይ ብታሰጡት ለስልሶ እንደ ልብ ይሳባል። ሐረር ብርድ ከሆነ ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያሳርፉበት። መጀመሪያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን፣ ከዚያ ግራና ቀኙን በየተራ እየወጠሩ መምታት ነው። ስፒሉ ከ6 ሚሊ ሜትር አይርዘም፤ የረዘመው ፕላስቲኩን ይበሳና ወደ ፎሙ ያልፋል። ይህን ሁሉ ታፔሳሪያ ቤት ብታሠሩትም እላዩ ላይ ቁጭ ብላችሁ አሳዩ፤ ጠርዙ የት ጋ እንደሚጠብ ጭናችሁ ነው የሚናገረው።

ፊትና ኋላ እኩል

ወንበሩ ካልበቃ ወደ ሹካው ሂዱ። የፊት ሹካውን ቱቦዎች አንቀው የያዙት ሁለት ማያዣዎች አሉ፣ የላይና የታች። ቱቦዎቹ በማያዣዎቹ ውስጥ ወደ ላይ ሲንሸራተቱ የሞተሩ ፊት ይወርዳል። ሞተሩ ስር ጠንካራ ሳጥን አስገብታችሁ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ፤ ቱቦው ከላይኛው ማያዣ ስንት ሚሊ ሜትር ብቅ እንዳለ በሁለቱም በኩል ጻፉ። የላይኛዎቹን ቡሎኖች ሁሉ አላሉ፣ ከዚያ የታቹን በአንድ ጎን ብቻ አላሉና ቱቦውን እያዞራችሁ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ግፉ። መልሳችሁ አጥብቁና ወደ ሌላው ጎን እለፉ። ሁለቱን በአንዴ ማላላት ሹካውን ከነጎማው ድንገት ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ግራና ቀኙ በ1 ሚሊ ሜትር እንኳ መለያየት የለበትም፤ አክስሉ ይጣመማል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ማያዣዎቹ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ የሞተሩ መጽሐፍ ካለ ግን የእሱ ቁጥር ይቀድማል። ሲጨርሱ ማኑብሪዮውን (የመሪ እጀታውን) ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙሩ፤ የፍሪሲዮንና የፍሬን ገመድ መወጠር ወይም ቱቦው ማኑብሪዮውን መንካት የለበትም።

አሁን ኋላውም በተቀራራቢ ልክ ይውረድ። ፊቱ ብቻ ሲወርድ ሹካው ወደ ቀጥታ ይጠጋል፤ መሪው ይቀልና በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይቅበዘበዛል። ኋላው ብቻ ሲወርድ ደግሞ ፊቱ ይቀልላል፣ መታጠፊያ ላይ ይከብዳል፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል።

ሁለት አሞርዛተር ያለው ሞተር ከሆነ አጭሩን ገዝታችሁ ቀይሩ። ርዝመቱ የሚለካው ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ነው፤ 340 ሚሊ ሜትር የነበረው በ320 ቢተካ ኋላው ከ20 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ይወርዳል፤ አሞርዛተሩ ዘንበል ብሎ ስለሚቆም ነው። የቀዳዳው ስፋትና የጎማ ቡሹ ይግጠም። ሞላ ግን አይቆረጥ። የተቆረጠው ጫፍ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ማረፊያው ላይ በአንድ ጎን ይቀመጣል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይላላል፣ የቀረው ጥቅልልም ከቀድሞው ይጠነክራል።

ከኋላ አንድ አሞርዛተር ብቻ ኖሮት ከስሩ ሁለት አጫጭር ጠፍጣፋ ማያያዣ ብረቶች ካሉት፣ በአብዛኛው እነሱ ሲረዝሙ ኋላው ይወርዳል። ስንት ይርዘሙ የሚለውን በግምት አትሥሩ። ሞተሩን ከአካሉ ደግፋችሁ ማያያዣዎቹን ፍቱ፤ የኋላ ጎማውን ከመፈታቱ በፊት ተንጠልጥሎ ከነበረበት ቦታ በክሪክ 2 ሴንቲ ሜትር አንሱ፤ አሞርዛተሩ ሙሉ ለሙሉ እንደተዘረጋ ማያያዣው በሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ያለውን ርቀት ለኩ። የአዲሱ ማያያዣ ርዝመት ያ ነው። ቶርኖ ቤት ሁለቱ ብረቶች አንድ ላይ ታስረው ይበሱ፤ ውፍረታቸው ከቀድሞው አይነስ። አሮጌውን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም ፈጽሞ አይሞከር፤ ከተበጠሰ የኋላ ጎማው ወደ አካሉ ይገባል።

ጎማው ሙሉ ለሙሉ ወደ ላይ ሲመጣ ከፓራፋንጎው (ከጭቃ መከላከያው) እና ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር። ካቴናውንም አስተካክሉ። ካቴና በጣም የሚወጠረው አክስሉ፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ማዞሪያና ካቴናው የሚዞርበት የፊት ጥርስ በአንድ መስመር ሲሆኑ ነው፤ ሰው አስቀምጣችሁ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ ልል መሆኑን አረጋግጡ።

የጎን ማቆሚያው

ሞተሩ 3 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ማቆሚያው እንደ ድሮው ከቀረ ሞተሩ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አወዳይ ገበያ ዳር ሰው ቢገፋው ወደ ሌላው ጎን ይደፋል። ልኩን እንዲህ ታገኛላችሁ፦ ሞተሩን ለጥ ያለ ቦታ በማቆሚያው አቁሙና ከሁለቱም ጎማ ስር እኩል ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች አንዱን በአንዱ ላይ እየደረባችሁ አስገቡ፤ ማዘንበሉ እንደ ቀድሞው ሲሆን የጣውላው ውፍረት የሚቆረጠውን ርዝመት በጣም ይቀርበዋል። ከዚያ በ3 ሚሊ ሜትር አሳንሳችሁ ቁረጡ። ከጫፉ ሳይሆን ከመሃል ይቆረጥ፤ የታችኛው እግር አንግል እንዳይለወጥ። ከመበየዱ በፊት ማቆሚያውን ከሞተሩ ፍቱት፤ ሞተሩ ላይ እያለ መበየድ ኤሌክትሪኩን ሊያቃጥል ይችላል።

ለሙከራ በፊት ሹካው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩና ከኦይል ሲሉ (ከዘይት መከላከያው ጎማ) ጋር አስጠጉት። ሳቢያን አካባቢ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችን ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥሎ በተለመደ ፍጥነት እለፉ። ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ሹካው የታመቀበት ነው። ጉብታ ላይ ወደ ታችኛው ማያዣ ጥግ ከደረሰ ቱቦውን 5 ሚሊ ሜትር መልሱ። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የማያዣዎቹን፣ የአሞርዛተሩንና የማቆሚያውን ቡሎኖች በሙሉ እንደገና በቁልፍ ሞክሩ።