ከባድ የዓይን ድርቀት፦ በሕክምናው ወቅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዓይን ድርቀት ሲባል ብዙ ሰው ጠብታ ጨምሮ የሚገላገለው ነገር ይመስለዋል። ቀላሉ እውነትም እንዲያ ነው። ከባዱ ግን ሰውን ከሥራ ያስቀራል። ጠዋት ዓይን አልገለጥ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ይቆረቁራል፣ ብርሃን ያስጨንቃል፣ ማንበብም መኪና መንዳትም ይቀራል። ለዚህ ደረጃ ዛሬ ጥሩ ጥሩ ሕክምናዎች አሉ። የሚያሳዝነኝ ሕክምናውን አግኝተው እንኳ በአጠቃቀም ስህተት የሚጎዱ ሰዎች መኖራቸው ነው።

ዓይነቱን ሳያውቁ መድኃኒት መቀያየር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ውሃው በዋናነት ከላይኛው የዓይን ቆብ በስተጀርባ፣ በውጭ በኩል ካለ ዕጢ ይመነጫል። በላዩ ስስ ዘይት አለ፤ እንባው ቶሎ እንዳይተን የሚከለክለው እሱ ነው። ዘይቱ የሚወጣው በቆቡ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩ ትንንሽ ዕጢዎች ነው። ከሥር ደግሞ እንባውን ዓይን ላይ የሚያሲዝ ዝልግልግ ሽፋን አለ። ሕክምናው የሚወሰነው ከነዚህ የትኛው እንደጎደለ ታይቶ ነው።

«ዓይኔ እንባ እያፈሰሰ እንዴት ድርቀት ነው እባላለሁ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ዘይቱ ሲጎድል እንባው ይተናል፣ ዓይኑ ይቃጠላል፣ ሰውነት ደግሞ ለመከላከል ውሃውን ያወርደዋል። የሚያነባ ዓይን ደረቅ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው አያስፈራም። ስስ የወረቀት ቁራጭ ታችኛው ቆብ ላይ ይንጠለጠላል። 5 ደቂቃ ይጠበቃል። የረጠበው ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ውሃው በጣም ጎድሏል ማለት ነው። ከዚያ ሐኪሙ የቆቡን ጠርዝ ጫን ይላል። ጤነኛ ዘይት ጥርት ብሎ ይወጣል። የታመመው እንደ ረጋ ቅቤ ይወፍራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም።

መንስኤውም ይጠየቅ። አፍዎም ይደርቃል? መገጣጠሚያዎን ያምዎታል? ሾግረን የሚባለው፣ ሰውነት የራሱን ዕጢዎች የሚያጠቃበት ሕመም ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ትራኮማ አለ። የቆየ ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባብሳል፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያዞራል። ሽፋሽፍት ብሌኑን (የዓይኑን ግልጽ የፊት ሽፋን) እየፋቀ ጠብታ ቢጨመር ምን ይጠቅማል? የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። የአለርጂ ክኒንና ለድብርት ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን እንባ ይቀንሳሉ።

የስቴሮይድ ጠብታ በራስ ፈቃድ መጠቀም

ፋርማሲ ሄዶ «ለሚቀላ ዓይን የሚሆን ስጠኝ» ማለት የተለመደ ነው። ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ይሰጣል። ዓይኑ በሁለት ቀን ይነጣል፣ ሰውየው ደስ ይለዋል፣ ሲያልቅ ደግሞ ይገዛል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊትን ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ግፊቱ ብዙ ጊዜ አያምም። የዓይን ነርቭ ውስጥ ውስጡን ሲሞት አይታወቅም፤ የሞተው ደግሞ አይመለስም። ስቴሮይድ ለከባድ ድርቀት ይታዘዛል፤ ግን ለአጭር ጊዜ፣ ግፊቱ እየተለካ።

ቅላት ብቻ የሚያጠፉ ጠብታዎችም ድርቀትን አያክሙም። ሲቆሙ ቅላቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ማቆያ ኬሚካል ያለበትን ጠብታ ማብዛት

ብዙዎቹ የጠብታ ጠርሙሶች ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ማቆያ አላቸው። ጀርም ይገድላል፣ ሲበዛ ግን የብሌኑን ገጽም ይጎዳል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚጨምር ሰው ማቆያ የሌለውን፣ በትንንሽ ፕላስቲክ የሚመጣውን ቢጠቀም ይሻላል። እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የተከፈተችውን ፍሬ ለነገ አያስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ ምክንያት በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች ታመው 4 ሞተዋል። የጠርሙሱን ጫፍ ዓይን አያስነኩ፣ ጠብታም አይዋዋሱ።

በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቆም

ሳይክሎስፖሪን ጠብታ አሜሪካ ውስጥ ለዓይን ድርቀት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። መድኃኒቱ ዓይን ላይ የተለኮሰውን ብግነት (መቆጣት) ቀስ ብሎ ነው የሚያረግበው። ሙሉ ውጤቱ ከ3 እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰው የባሰበት ይመስለውና ይጥለዋል። ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ማቃጠሉን ለሐኪሙ ቢነግሩት ማስታገሻ መላ አለው። ከዚያ በኋላ የመጡም አሉ፤ ሊፊተግራስት የሚባለው ጠብታ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በአፍንጫ የሚነፋው ቫረኒክሊን እ.ኤ.አ. በ2021። ዘመድ ከውጭ ቢልክልዎ ሐኪምዎ ሳያውቅ አይጀምሩ።

ስለ ቆዳ ቀለም ሳይጠይቁ የብርሃን ሕክምና መቀበል

ይህ በተለይ ውጭ ላሉ ወገኖቻችን ነው። የዘይት ዕጢ ለተደፈነበት ሰው አይፒኤል የሚባል የብርሃን ሕክምና በብዙ ክሊኒክ ይሰጣል። ብርሃኑ ከዓይን በታች ያለውን ቆዳ እየመታ በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል። ችግሩ ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም ብርሃኑን ይስበዋል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቆዳ ሊቃጠል ወይም ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። መሣሪያዎቹም በአብዛኛው የሚመከሩት ፈካ ላለ ቆዳ ነው። «ለእኔ ቆዳ ይሆናል?» ብለው ቀድመው ይጠይቁ። ቆቡን በሙቀትና በመጫን የሚያክሙ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ፤ እነሱን የቆዳ ቀለም አያግዳቸውም። የትኛውም ቢሆን ቤት ውስጥ ለብ ባለ ጨርቅ ቆቡን ማሞቅና ማሸትን አይተካም።

ብግነቱ ሳይረግብ የእንባ ቀዳዳ ማስደፈን

በየዓይኑ ጥግ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድባቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በውታፍ ሲደፈኑ እንባ ዓይን ላይ ይቆያል። ዓይኑ በብግነት ላይ እያለ ከተደፈነ ግን የሚቆየው የሚያቃጥል እንባ ነው። መጀመሪያ ብግነቱ ይታከም።

የደም ሴረም ጠብታን እንደ ማንኛውም ጠብታ መያዝ

ደምዎ ይቀዳል፣ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ በማሽን ይሽከረከራል። ከላይ የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ይቀጠናል፤ ብዙ ጊዜ ሴረሙ 20 በመቶ ይሆናል። ቫይታሚን ኤ እና ቁስል የሚያሽሩ ንጥረ ነገሮች አሉት። የቆሰለ ብሌን በዚህ ሲያገግም ማየት ያስደስታል። ነገር ግን ማቆያ የለውም፣ ጀርምም ይወደዋል። ትርፉ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚጠቀሙበት ፍሪጅ ውስጥ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙ፤ ያዘጋጀውን ላብራቶሪ ይጠይቁ። ንጹሕ ላብራቶሪ በሌለበት ቦታ ማዘጋጀትማ ፈጽሞ አይሞከርም።

«ደረቅ ዓይን ሌንስ አይችልም» ብሎ ስክሌራል ሌንስን መሸሽ

ዓይን ላይ ለሚደረገው ተራ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) አባባሉ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ስክሌራል ግን ሰፊ ነው፤ የሚያርፈው በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ሲሆን ብሌኑን አይነካም። ሲደረግ ሌንሱ ማቆያ በሌለው የጨው ውሃ አፉ ድረስ ይሞላል። ሰውየው ፊቱን ወደ ወለሉ ይደፋና ሌንሱን ከታች ወደ ላይ ዓይኑ ላይ ያደርገዋል። የአየር አረፋ ከገባ ወጥቶ እንደገና ይሞላል። ከዚያ በኋላ ብሌኑ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይውላል። የቧንቧ ውሃ ግን በጭራሽ አይንካው። አካንታሚባ የሚባል ተሕዋስ አለ፤ ዓይን ያጠፋል።

የቁስል ምልክትን እንደ ተለመደው ድርቀት መቁጠር

በጣም የደረቀ ብሌን ይቆስላል። ድንገት የጨመረ ሕመም፣ የቀነሰ እይታ፣ ብሌኑ ላይ የታየ ነጭ ነጥብ፣ መግል። ከነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የእናት ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ኩል፣ ከቤት የተረፈ ስቴሮይድ አይጨምሩበት። ሌንስ ካለ ያውልቁት፣ ይዘውትም ይሂዱ። ሐኪሙ ቆቡን በከፊል መስፋት ያስፈልጋል ቢል አይደንግጡ። ብሌኑ እስኪድን ይሸፍነዋል፤ ሲያስፈልግም ይፈታል።