ጋራዥ ውስጥ የሚሸነፍ ውድድር፦ አማተር የፎርሙላ ተወዳዳሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፎርሙላ መኪና፣ ማለትም ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ የሆኑ ባለ አንድ መቀመጫ የውድድር መኪና፣ ገዝቶ አማተር ውድድር የጀመረ ሰው ሌት ተቀን የሚያስበው ስለ ፈጣን ዙር ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን የሚያበላሽበት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ በደንብ ያልጠበቀ ዳዶ፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት፣ ሳይነበብ የተፈረመበት ደንብ። ደግነቱ አብዛኞቹን ለማስቀረት ተሰጥኦ አያስፈልግም።

ያለውን ገንዘብ ሁሉ መኪናው ላይ ማፍሰስ

መኪናው ሲገዛ ወጪው ገና መጀመሩ ነው። መመዝገቢያ፣ ጎማ፣ ነዳጅ፣ ተጎታች፣ ማደሪያ፣ የሞተር እድሳት አለ፤ ግጭት ደግሞ ቀጠሮ አይዝም። ስለዚህ ከአቅም አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መግዛት ይሻላል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመሩት ፎርሙላ ቪ እና ፎርሙላ ፎርድ እስከ ዛሬ አማተሮችን የሚስቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው የተመሠረተው በቮልስዋገን ቢትል ሞተርና ካምቢዮ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መኪናውን ወደ ትራኩ የሚጫን ክንፍ የለውም፤ ክንፍ ከሌለ በየግጭቱ የሚሰበር ክንፍም የለም። አሮጌ ሆኖ መለዋወጫው በሳጥን ተሞልቶ አብሮት የሚሸጥ መኪና ካገኙ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቀውን ለሌላ ሰው ይተዉለት።

መቀመጫውን ለነገ ማቆየት

ኩርባ ላይ ሰውነቱ የሚንሸራተት ሾፌር መሪውን መደገፊያ ያደርገዋል፤ እጁ ስለሚደክም መኪናው የሚነግረውን አይሰማም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ሲቀላቀል የሚያብጠውን የፎም ፈሳሽ በጠንካራ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ከጀርባ ማፍሰስና፣ እስኪደርቅ ድረስ መሪውን ይዞ፣ እግርን ፔዳል ላይ አድርጎ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ነው። ጫማና የውድድር ልብስ ለብሰው ያድርጉት፤ በቲሸርት የተቀረጸ መቀመጫ በውድድሩ ቀን ይጠብባል።

ሄልሜት ላይም መሳሳት ቀላል ነው። ሄልሜት የሚፈትነው የስኔል ድርጅት ኤም የሚል መለያ የሚሰጠው ለሞተር ሳይክል ነው። ለመኪና ውድድር የሚሆነው ኤስ.ኤ ተብሎ የተለየው ሲሆን የእሳት መቋቋም ፈተናም ያለፈ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የውድድሩ ደንብ የትኛውን ዓመት መለያ እንደሚቀበል ይዩ።

የጠበቀ ዳዶ ሁሉ እንደጠበቀ ይቆያል ብሎ ማመን

ይህኛው በደንብ ሊነገር ይገባል። የፎርሙላ መኪና ስፕሪንግ ጠንካራ ነው፤ የመንገድ መኪና ላይ ንዝረት የሚያስታግሱት የላስቲክ መጋጠሚያዎች እዚህ ብዙም የሉም። ንዝረቱ የሚያርፈው በቀጥታ ብሎኖቹ ላይ ነው። ስለዚህ ከትራክ በተመለሱ ቁጥር ሽፋኑን አውልቀው ከአፍንጫው እስከ ካምቢዮው ድረስ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይፈትሹ።

ከሁሉም የምወደው ዘዴ የቀለም ምልክት ነው። ዳዶው በሚፈለገው ልክ ከጠበቀ በኋላ፣ ከዳዶው ጀምሮ እስከታሰረበት ብረት ድረስ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል። በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከታየ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ቁልፍ ማንሳት እንኳ ሳያስፈልግ በዓይን ይለያል። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ወይ ኩሽኔታው ወይ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ ተበልቷል። የጎማ ዳዶዎችን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ፤ ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላም ደግመው ይለኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍተሻ መሃል ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ የውድድር ሰፈር ሰው ተግባቢ ነው። ካቋረጠዎት ካቆሙበት አይቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ተዘሎ የሚያልፈው ዳዶ ሁልጊዜ ወሬው የጀመረበት ቦታ ያለው ነው።

ያረጀ የፍሬን ዘይት ይዞ መውጣት

ዶት 4 የሚባለው ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። መስፈርቱ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዳይፈላ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 155 ድረስ እንዲቋቋም ነው የሚጠይቀው። ከፈላ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ተከፍቶ የከረመ ጣሳ አይጠቀሙ።

አራት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር

መኪናው ኩርባ ላይ አልታዘዝ ሲል ብዙ ሰው የጎማውን ንፋስ፣ ስፕሪንጉንና የጎማውን አቀማመጥ አንድ ላይ ይነካካል። ሰዓቱ ቢሻሻልም ቢብስም ምክንያቱ አይታወቅም። አንድ ነገር ይቀይሩ፣ ይውጡ፣ ይጻፉ። የጎማ ንፋስ ጠዋት በቀዝቃዛው የተለካው ብቻ በቂ አይደለም፤ ዋናው ጎማው ሳይበርድ፣ ልክ ከትራክ እንደገቡ የሚለካው ነው።

ውድድሩን በመጀመሪያው ኩርባ ለማሸነፍ መሞከር

ክፍት ጎማ ያለው መኪና እንደ ቤት መኪና ገፋ አድርጎ የሚያልፉበት አይደለም። ወደፊት የሚሽከረከር ጎማ የኋላ ጎኑ ወደ ላይ፣ የፊት ጎኑ ወደ ታች ይሄዳል። የእርስዎ የፊት ጎማ ከፊትዎ ያለውን መኪና የኋላ ጎማ ከነካ፣ የሱ ጎማ የእርስዎን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ የእርስዎም እየዞረ ይወጣበታል። መኪና ወደ አየር የሚነሣው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ጎማና ፍሬን ገና አልሞቁም፤ ከፊት ያሉትም አንድ ላይ ተጨናንቀው ፍሬን ይይዛሉ። በልምምድ ከያዙበት ቦታ ቀደም ብለው ይያዙ። ሁለት ቦታ ቢያጡ ቀሪዎቹ ዙሮች አሉልዎት፤ የተጣመመ ዘንግ ይዞ የሚመለስ ግን ቀሪ ዙር የለውም። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብም መቅደም ክልክል ነው፤ ድርብ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ለመቆም ይዘጋጁ። ብዙ ጊዜ ያ ባንዲራ የሚውለበለበው ትራኩ ላይ ሰው ስላለ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ያለ ክፍያ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ነው።

ሰፈሩን መርሳት

ጠዋት የተበላሸብዎትን ዕቃ የሚያበድርዎት ከሰዓት የሚቀድሙት ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል። የተዋሱትን በዕለቱ ይመልሱ፤ ከተሰበረ አዲስ ይተኩ። አብረውዎት የሚመጡት ቤተሰብና ጓደኞችም የቀን ሠራተኛ አይደሉም። ምን እንደሚሠሩ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ጥላ፣ ውሃና ወንበር ይያዙላቸው። ሲናደድ እነሱ ላይ የሚጮህ ሾፌር በሦስተኛው ውድድር ጎማውን ብቻውን ይፈታል።

ደንቡን በወሬ መማር

በብዙ ውድድሮች መኪናው ከዚያ በታች እንዳይወርድ የተወሰነ ዝቅተኛ ክብደት አለ፤ የሚመዘነውም ውድድሩ ሲያልቅ ከነሾፌሩ ነው። ቤት ውስጥ ታንኩን ሞልቶ የመዘነ ሰው ነዳጁ ሲያልቅ ከልኩ በታች ይወርድና ውጤቱ ይሰረዛል። ነዳጁ ሊያልቅ በደረሰ ታንክ፣ የውድድር ልብስዎን ለብሰው ይመዘኑ፤ ሚዛኖች ስለሚለያዩም ጥቂት ኪሎ ትርፍ ይያዙ። የሚጨመረው ክብደት በብሎን ይታሰር፤ ወለሉ ላይ እንዲሁ የተጣለ የእርሳስ ብረት ቴክኒክ ፍተሻ አያልፍም።