ቸኮሌት ቤት ሲያማርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ አካባቢ ምርጡን ቸኮሌት ቤት የማግኘት ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ሳይቀመስ ነው። ሰው በምልክቱ ውበት ሱቁን ይመርጣል፣ በመስኮቱ ድርደራ ይማረካል፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ በሪባን የታሰረ ሳጥን ይዞ ይወጣል። አጠገቡ ያለው ትንሽ ሱቅ ግን ገና ከሦስት ቀን በፊት የተሠራ ትኩስ ቸኮሌት ይዞ ቁጭ ብሏል።

ከፍሬው የሚሠራውንና አቅልጦ የሚሠራውን አለመለየት

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ከሱ እንጀምር። «ቸኮሌት ሠሪ» በሚለው ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች አሉ። አንደኛው ባለሙያ ጥሬ የኮኮዋ ፍሬ ይገዛል፣ ይለቅማል፣ ይቆላል፣ ገለባውን ያበጥራል፣ ከዚያም በድንጋይ ወፍጮ ከስኳር ጋር ይፈጫል፤ በትንንሽ ማምረቻዎች መፍጨቱ ብቻ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይወስዳል። ሁለተኛው ኩቬርቱር የሚባለውን፣ የኮኮዋ ቅቤው በዛ ያለና ለባለሙያ በጅምላ የሚሸጥ ዝግጁ ቸኮሌት ገዝቶ ያቀልጣል። ችሎታው የሚታየው በውስጥ ሙሌቱ ነው፦ በጋናሹ (ከቸኮሌትና ከክሬም በሚዘጋጀው ለስላሳ ሙሌት)፣ በካራሜሉ፣ በለውዙ፣ በሽፋኑ ቅጥነት።

ሁለቱም የተከበሩ ሙያዎች ናቸው። ጥፋቱ አንዱን በሌላው መስፈሪያ መለካት ነው። ከፍሬ ጀምሮ የሚሠራ ሰው ሱቅ ገብቶ «አምስት ዓይነት ብቻ ነው ያለው» ብሎ መውጣት የሱቁን ዋና ነገር ሳያዩ መሄድ ነው፤ እዚያ የሚገዛው ሙሌት የሌለበት ጠፍጣፋ ቸኮሌት ነው። ሙሌት ላይ የተካነውን ደግሞ ስለ ፍሬው እርሻ ቢያፋጥጡት የሚያገኙት ጥቅም የለም።

የሚበጀው በቀጥታ መጠየቅ ነው፦ «ከፍሬው ጀምራችሁ ነው የምትሠሩት ወይስ የተዘጋጀ ቸኮሌት ታቀልጣላችሁ?» ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋም። የማንን ኩቬርቱር፣ ለየትኛው ሙሌት፣ ለምን እንደመረጠ ይነግርዎታል። መልሱ «ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው» በሚል ብቻ ከቆመ ግን ሦስተኛውን ዓይነት ይጠርጥሩ። እሱ ሙሌት ያለበትን ቸኮሌት ሳይቀር ተሠርቶ ያለቀውን በካርቶን ተረክቦ መደርደሪያ ላይ የሚያሰልፍ ነው። እዚያው ከተማ ሌላ ሱቅ ውስጥ ያንኑ ቅርጽና ያንኑ ጌጥ ካዩ ጥርጣሬዎ ልክ ነበር።

በመቶኛውን የጥራት ማረጋገጫ ማድረግ

70 በመቶ ማለት ከፍሬው የመጣው ነገር በሙሉ፣ ደረቁም ቅቤውም ተደምሮ፣ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። ሙሌት በሌለበት ጥቁር ቸኮሌት የቀረው 30 ከሞላ ጎደል ስኳር ነው። ስለዚህ ሁለት ባለ 70 ቸኮሌቶች ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ፤ ተጨማሪ የኮኮዋ ቅቤ የገባበት ይለሰልሳል፣ ምሬቱም ይቀንሳል። ቁጥሩ ፍሬው በደንብ መብላላቱን፣ አቆላሉ ማረሩን ወይም አለማረሩን አይነግርም። በአግባቡ ያልተብላላ ፍሬ 85 በመቶ ቢሆን የሚጨምረው ምሬትና አፍ የሚያደርቅ ስሜት ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ለማወዳደር ነው። ከየሱቁ አንድ ዓይነት፣ ለምሳሌ ጣዕም ያልተጨመረበት 70 በመቶ ይውሰዱ።

የማሸጊያውን ጀርባ አለመገልበጥ

ግብዓቶች በብዙ አገሮች የሚጻፉት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። በጥሩ ጥቁር ቸኮሌት ላይ የኮኮዋ ፍሬ ወይም ልቁጡ (ተፈጭቶ የላቆጠው ፍሬ)፣ ስኳር፣ ምናልባት የኮኮዋ ቅቤ፣ ጥቂት ሌሲቲን (ግብዓቶቹን የሚያዋህድ ንጥረ ነገር) እና ቫኒላ ቢያገኙ ዝርዝሩ አለቀ። ሌሲቲን በጣም ትንሽ ስለሚገባ ማየትዎ አያስደንግጥዎ። «የአትክልት ስብ» ወይም የፓልም ዘይት የሚል ካለ ግን ቆም ይበሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተወሰኑ የአትክልት ስቦችን እስከ 5 በመቶ ድረስ ይፈቅዳል፤ በማሸጊያው ላይ ካልተገለጸ ግን አይቻልም። የኮኮዋ ቅቤው ጭራሽ ወጥቶ በሌላ ስብ ከተተካ ደግሞ የያዙት ቸኮሌት መሳይ ሽፋን ነው።

ልዩነቱ አፍ ውስጥ ይታወቃል። የኮኮዋ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ከሰውነት ሙቀት በታች ነው፤ ምላስ ላይ ፈስሶ ይጠፋል። ተተኪው ስብ ብዙ ጊዜ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ከዋጡ በኋላ ምላስዎን በላንቃዎ ላይ አንሸራተው ያዩታል።

ያለ ማሸጊያ በሚሸጡት ላይስ? የግብዓት ዝርዝር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ለውዝ ወይም ወተት የማይስማማው ደንበኛ ስላለ ጠንቃቃ ሱቅ ይህን ወረቀት እጁ ላይ ያኖረዋል።

ግራጫውን መልክ እንደ ሻጋታ፣ አንጸባራቂውን እንደ ጥራት መቁጠር

የኮኮዋ ቅቤ በስድስት ዓይነት ክሪስታል ሊረጋ ይችላል፤ ባለሙያው የሚፈልገው አምስተኛውን ነው። ለዚህ ሲል ጥቁር ቸኮሌትን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ያቀልጠዋል፣ ወደ 27 ወይም 28 ያበርደዋል፣ መልሶ ወደ 31 ወይም 32 ያነሣዋል። ቴምፐሪንግ የሚባለው ይህ ነው። ተሳክቶ ከሆነ ላዩ ያበራል፣ ሲሰበርም «ቀጭ» ይላል። አንዲት ቁራሽ ወደ ጆሮዎ አስጠግተው ይስበሩ፤ ድምፅ ሳያሰማ ከታጠፈ ወይ ክፍሉ ሞቃት ነው ወይ ቴምፐሪንጉ ተበላሽቷል። የወተት ቸኮሌት በተፈጥሮው ለስለስ ስለሚል ድምፁ ዝቅ ቢል አይፍረዱበት።

ላዩ የነጣ ወይም የገረጣ ቸኮሌት ሻጋታ የያዘው ብዙዎች ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቅቤው ወይ ስኳሩ ወደ ላይ የወጣ ነው። ለመለየት ጣትዎን በውኃ አርሰው በስሱ ይንኩት። ሸካራው ሽፋን ከሟሟ ስኳር ነው፤ ቸኮሌቱ እርጥበት አግኝቶታል፣ ለምሳሌ ከፍሪጅ ወጥቶ አልቦታል። ውኃው ተንከባሎ ከቀረና በደረቅ ጣት ሲያሹት ነጩ ከጠፋ ደግሞ ቅቤ ነው፤ ሙቀት ነክቶታል ወይም ሲሠራ በትክክል አልረጋም። ሁለቱም አይጎዱም፤ አፍ ውስጥ ያለው ልስላሴ ግን ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ ፍርዱ በማን ላይ እንደሚሆን ይጠንቀቁ። ሠሪው በራሱ ሱቅ የገረጣ ቸኮሌት ከሸጠ ጥፋቱ የራሱ ነው። በሌላ ሰው መደርደሪያ ላይ የገረጣ ከሆነ ግን ምናልባት አቀማመጡ ነው። ቸኮሌት የሚስማማው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ደረቅና ጨለም ያለ ቦታ ነው። ፀሐይ የሚመታው መስኮት፣ የሚያግል መብራት፣ አጠገቡ ቅመም ወይም ሳሙና (ቅቤው ሽታ ይስባል) ካዩ ከዚያ ሱቅ አይግዙ፤ ሠሪውን ግን ከዝርዝርዎ አይሰርዙ።

የተሠራበትን ቀን አለመጠየቅ

ሙሌት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት በደንብ ከተቀመጠ ከዓመት በላይ ይቆያል። በትኩስ ክሬም የተሠራ ጋናሽ ግን ውኃ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ አያስኬድም፣ ጣዕሙም ከዚያ ቀድሞ ይደክማል። ሽፋኑን ነክሰው ሙሌቱ ከጠርዙ ሸሽቶ ክፍተት ከተፈጠረ ወይም ከደረቀ ቆይቷል ማለት ነው። 60 ዓይነት የደረደረና ደንበኛ የማይበዛበት ሱቅ እነዚያን ሁሉ በየሳምንቱ ሊያድስ አይችልም። 12 ዓይነት ብቻ ይዞ «ይሄኛው አልቋል፣ ሐሙስ ይደርሳል» የሚል ሱቅ ሊያስደስትዎት ይገባል።

ኮከብ ቆጥሮ መሄድ

ካርታ ላይ ያለው ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት የተሰጠው ብዙ ጊዜ ለአይስክሬሙ፣ ለትኩሱ መጠጥ ወይም ለፎቶ ለሚመቸው ግድግዳ ነው። የቅርብ ወራቱን ብቻ ያንብቡ፤ የአንድን ቸኮሌት ስም ጠርቶ ጣዕሙን የሚገልጸውን ይፈልጉ። ትንንሽ ሠሪዎች የራሳቸው ሱቅ ላይኖራቸው ይችላል፤ ቡና የሚቆሉ ቤቶች ውስጥ፣ በሳምንታዊ ገበያ፣ ወይም ማምረቻቸውን በተወሰነ ቀን ከፍተው ይሸጣሉ። ጥሩ ቡና ቆይንና ኬክ ሠሪን ከየት እንደሚገዛ መጠየቅ ከማንኛውም ዝርዝር ይበልጣል።

በአንድ ቀን ሁሉንም መቅመስ

ከሦስት ወይም ከአራት ሱቅ በኋላ ስኳሩና ቅቤው ምላስን ያደነዝዛል፤ የመጨረሻው ሱቅ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ከየቦታው ከ5 እስከ 10 ግራም ይበቃል። ከዚያ በፊት ማስቲካና ጠንካራ ቡና ይቅር፤ በመካከል ለብ ያለ ውኃ ይጠጡ። ሁለት ጊዜ ብቻ ነክሰው እንዲቀልጥ ይተዉት፤ የፍሬው ጠባይ የሚመጣው በመቅለጡ መካከል ነው፣ ቶሎ ካኘኩት ስኳሩን ብቻ ያገኛሉ። የወደዱትን በርከት አድርገው ከገዙ መኪና ውስጥ ትተውት አይሂዱ። ቤትዎ ሞቃት ሆኖ ፍሪጅ ግድ ካለ አየር በማያስገባ ዕቃ ከድነው ያስገቡት። ሲያወጡትም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ክዳኑን አይክፈቱ።